የካንቻን ዘጠኝ ዓሦች

ማኔክላል በሕንዷ አሕመዳባድ የጨርቃ ጨርቅ ገበያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጨርቅ ሲለካ ኖረ። ሥራው መለካት ብቻ ነበር፤ መቀሱን የሚይዙት ባለሱቁ ናቸው። ይህ ነገር ሳይታወቀው ወደ ኑሮውም ገባ። ቤት ውስጥም እሱ ይለካል፣ ሚስቱ ካንቻን ትቆርጣለች። ልጃቸው የት ይማር፣ ግድግዳው ምን ይቀባ፣ ለየትኛው ዘመድ ሠርግ ምን ይሰጥ፣ ማኔክላል ነገሩን ከወዲህም ከወዲያም ያገላብጥና ሲደክመው ጋዜጣውን ያነሣል። ካንቻን አንድ ቃል ትናገራለች፣ ነገሩ ያልቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሌላ ሰው ሲወስንለት ደስ የሚለው ሰው ነበር።

በሰፈራቸው የባልን ስም መጥራት ነውር ስለሆነ ካንቻን ከማድ ቤት የምትጣራው «ይሰሙኛል?» እያለች ነው። አርባ አራት ዓመት «ይሰሙኛል?» ስትል ኖረች። ማኔክላል ከጣሪያው በሰንሰለት በተንጠለጠለው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ አንዳንዴ «እህ» ይላል፤ አንዳንዴ እሱንም አይልም። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ወሬዋን ትቀጥላለች።

በጥር ወር አንድ ጠዋት «ይሰሙኛል?» አለችና የቀረውን ሳትጨርስ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏ ተጣመመ፣ የቀኝ ዓይኗ ቆብ እምቢ ብሎ ገርበብ እንዳለ ቀረ፣ ቃል የሚባል ነገር ከአፏ ጠፋ። የቀረላት ግራ እጇና አእምሮዋ ነበር። ስለ እጇ ሐኪሙ እርግጠኛ ነበር፤ ስለ አእምሮዋ ግን ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረም።

ልጃቸው ከፑኔ ከተማ መጣ፣ ሦስት ቀን አለቀሰ፣ ከአልጋዋ በላይ ትልቅ የጣሪያ ማራገቢያ አስገጠመ። ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «አባዬ፣ እማዬን ሙቀት እንዳይነካብኝ። ማራገቢያውን እንዳታጠፋው» አለ። ማኔክላል አደራ ከተቀበለ ተቀበለ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማራገቢያው ያለ ዕረፍት ይዞራል።

ክንዷን ልታፍታታ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው ባለሙያ ነበረች ዓሣ ያለችው። «የሚንቀሳቀስ ነገር ፊቷ ይኑር፤ ትይ፣ ትቁጠር፣ እጇም ይሠራል» አለች። ጎረቤታቸው ጃሱድቤን ይህን ስትሰማ በድንጋጤ ጆሮዋን ያዘች። ሥጋና ዓሣ ቀርቶ ሽንኩርት እንኳ ገብቶበት የማያውቅ የጃይና ቤት ነው፤ በጃይና እምነት ትንኝ እንኳ አይገደልም።

«ማኔክባይ፣ ወንድሜ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች። «ዛሬ በመስታወት፣ ነገ በድስት ነው የሚሉን!»

ማኔክላል እንደ ልማዱ አንድ ሳምንት አሰላሰለና ከሰፈሩ በር ውጭ ወዳለው የሐቲምባይ ሱቅ ሄደ። ሐቲምባይ ዓሣና የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ የሚሸጥ፣ ጠርዙ ወርቃማ ነጭ ቆብ የማይለየው፣ ነገር የሚያበዛ ሰው ነው። የማኔክላል ዓይን ውድ ውዶቹን አልፎ ጥግ ባለ ባልዲ ውስጥ የሚርመሰመሱ ትንንሽ ዓሦች ላይ አረፈ።

«እነዚያንስ በስንት ትሰጠኛለህ?»

«እነሱ የትልልቆቹ ቁርስ ናቸው።»

ማኔክላል ቀዘቀዘ። «ቁርስ?»

«ቁርስም ምሳም። አንተ ጧት ቂጣህን በሻይ አትበላም? ትልልቆቹም እነዚህን ይበላሉ። ምን ያስደነግጥሃል?»

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ ቀርተዋል።»

«ዘጠኙንም አምጣ።»

ሐቲምባይ ሳቀ። «እንግዲህ ትልልቆቹ ዛሬ ጾማቸውን ይዋሉ በለኛ! ዓሦቼን ጃይና አደረግኻቸው!»

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ነፍስ ከመበላት ተርፎ እነማኔክላል ቤት ገባ። ጃሱድቤን እንኳ ታሪኩን ስትሰማ ነገሩን ተወችው፤ ከሞት የተቤዠ እንስሳ ማኖር በረከት እንጂ ነውር የለውም። ገንዳው በካንቻን አልጋ ፊት ለፊት፣ በድሮው የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ማኔክላል የሽምብራ ዱቄት ይነሰንስላቸዋል። ካንቻን ደግሞ በየጠዋቱ በግራ አውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓዎች አንድ በአንድ እየነካች ትቆጥራቸዋለች፤ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ በደህናው የፊቷ ጎን ፈገግ ትላለች። ከወደቀች ወዲህ የሳቀችው ለእነሱ ብቻ ነው። ከሁሉም ጭራው የተቀደደውን ትወደው ነበር። ሐቲምባይ እንዳለው ከአንድ ትልቅ ዓሣ አፍ ያመለጠ ነው።

በዚያ ቤት የመጠጥ ውሃ የምታጠልለው ካንቻን ነበረች። ውሃ ሳይጠለል አይጠጣም፤ በማይታይ ነፍስ የተሞላ ነው። ብዙ ሰው አጥልሎ ጨርቁን ያሰጣል። ካንቻን ግን ነገር አታጋምስም። ጨርቁን ትገለብጥና በላዩ የቀረውን ነፍስ በጥንቃቄ አጥባ ወደ ራሱ ውሃ ትመልሰዋለች፤ የጉድጓዱን ወደ ጉድጓድ፣ የኩሬውን ወደ ኩሬ። አንዴ ከዘመድ ቤት የመጣ ውሃ አጥልላ፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን በጠርሙስ ይዛ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ መጣበት መመለሷን ሰፈሩ እስከ ዛሬ እያነሣ ይስቃል። እሷ ከወደቀች በኋላ ጨርቁ ወደ ማኔክላል እጅ ገባ።

ክረምቱ እንደገባ ሐቲምባይ በላስቲክ ከረጢት የውሃ ሣር ሰጠው። «ይደበቁበታል፣ ይጫወቱበታል። ከከተማው ዳር ካለው ኩሬ የመጣ ነው» አለው። ማኔክላል ቤት ገብቶ ሣሩን ተከለ። ከረጢቱ ውስጥ የቀረችውን ውሃ ግን እንዴት ይድፋት? በውስጧ ያለው ነፍስ ፍሳሽ ውስጥ ሊሞት ነው። ጨርቁን አምጥቶ አጠለላት፤ ቀጥሎ ጨርቁን ገለበጠና ካንቻን እያየችው በላዩ የቀረውን አንድ ሳያስቀር ገንዳው ውስጥ አጠበው። ውሃ ውሃ ነው ብሎ ነው። እንዲያውም በልቡ ኮራ።

ካንቻን የአልጋውን ብረት በእጇ ደበደበች።

ማኔክላል ዘወር አለ። ጣቷን ወደ ጨርቁ ቀሰረች፣ ወደ ገንዳው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ። ውሃ ሰጣት፤ አፏን ዘጋች። ፖፖውን አመጣ፤ አልፈለገችም። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ። ብረቱን ደጋግማ መታችው፣ ከጉሮሮዋ የሚያስፈራ ድምፅ ወጣ። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ጮኾባት የማያውቅ ሰው ያን ቀን ጮኸባት።

«ምን ላድርግሽ? ምን እንደምትፈልጊ እኔ በምን ልወቅ?»

እጇ ወረደ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፣ ያን ቀን እራቷን አልቀመሰችም።

አንድ ወር ያህል ደህና ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት አውራ ጣቷ ስምንተኛው አንጓ ላይ ቆመ፤ ድጋሚ ቆጠረች፣ ስምንት። በአራተኛው ቀን ሰባት። ማኔክላል በጠረጴዛው ሥር፣ በምንጣፉ ሥር ፈለገ፤ ዘለው ወጥተው ይሆናል ብሎ። ምንም የለም። ጃሱድቤን የሰው ዓይን ነው አለች፣ ገንዳው ላይ ክር አሰረች። ሐቲምባይ እርስ በርስ ይበላላሉ አለ። ቁጥሩ ስድስት ሆነ። ጭራው የተቀደደውም በዚያው ሳምንት ጠፋ። አምስት። ካንቻን ከምትበላው ሩዝና ማሾ ግማሹን መመለስ ጀመረች። ባለሙያዋ ክንዷን ስታነሣላት እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወድቃል። ማኔክላል ይህን ሲያይ ገባው፤ ዓሦቹ ካለቁ እሷም ታልቃለች።

ገዳዩን ያገኘችው እሷው ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ብረቱን መታች። ማኔክላል ጣቷን ተከትሎ አፍንጫውን ገንዳው ላይ ለጠፈ። ሣሩ ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ የአሸዋ ቀለም ያለው ነገር ተቀምጧል፤ የትንሽ ጣት ግማሽ ያህላል፣ ስድስት እግር፣ ጎልተው የወጡ ሁለት ዓይኖች። ቅጠል መሰለው። አንድ ዓሣ በአጠገቡ አለፈ። ከዚያ ነገር አገጭ ሥር እንደ እጅ የታጠፈ ነገር ተወረወረ፣ ዓሣውን ቀለበና ወደ አፉ ሰበሰበው። ዓሣው ትንሽ ተንፈራገጠ። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ የሚያየው ማኔክላል «ኧረ! ኧረ በሕግ!» እያለ መስታወቱን በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር። አራት ቀሩ።

ሐቲምባይን እጁን ጎትቶ አመጣው። ሐቲምባይ ጎንበስ ብሎ አየና አፏጨ።

«ይሄ ሰውዬ የኩሬ ነው! ከሣሩ ጋር ጥፍር አክሎ ገብቶ እዚህ ነው የደለበው። ይገርማል፣ ሣሩን እኮ አጥቤዋለሁ፤ ውሃውን ደፍተኸው ቢሆን...» አለና የማኔክላልን ፊት አይቶ አቆመ። «ደፍተኸዋል አይደል?»

«አጥልዬው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ጨርቁን... እዚሁ አጠብኩት።»

ሐቲምባይ ቆቡን አንሥቶ ራሱን አከከ። ለመሳቅም ለመቆጣትም የተዘጋጀ ፊት ነበር፤ ካንቻንን ሲያይ ሁለቱንም ተወው። «በል ስጠኝ፣ በጫማዬ...»

«በጫማህ ምን?»

«እሺ፣ እሺ፣ ምንም። ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? ኩሬ ብትወስደው ሌላ ዓሣ ይበላል። ወይ ወፍ ይበላዋል። እዚህ ብትተወው እነዚህን ይጨርሳል። እኔን ከጠየቅኸኝ ነፍስ ማለት በቁጥር ነው፤ አንድ ይሙት፣ አራት ይዳን።»

«በኛ ዘንድ አይቆጠርማ።»

«እሷ ትቆጥር የለም እንዴ?» አለ ሐቲምባይ በአገጩ ወደ አልጋው እያመለከተ።

ነገሩን የክረምቱን አራት ወር በሰፈሩ ላረፉት መነኩሴ ወሰደው። መነኩሴው ወጣት ናቸው፣ የልጁ እኩያ። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ዓሣው መኖር ይፈልጋል» አሉ።

«አዎን ማሃራጅ።»

«በላተኛውም መኖር ይፈልጋል።»

«አዎን ማሃራጅ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«አላውቅም» አሉ መነኩሴው። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ማኔክላል ግን በዚያን ሰዓት ትንሽ ዋሽተው መንገድ ቢያሳዩት በወደደ።

ሲመለስ ዓሦቹን ሦስት ሆነው አገኛቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሳያሰላስል በላተኛውን በሻይ ማጥለያ አፍሶ ውሃ በሞላበት የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ጨመረውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሦስቱ ዳኑ። ያኛው ግን ምን ይብላ? የአይብ ፍርፋሪ ጣለለት፣ ማሾ፣ ዱቄት። አልነካም። ሁለተኛ ቀን ሆነ፣ ሦስተኛ። ማሰሮው ሥር ደርቆ እንደ ተቀመጠ ነው። ማኔክላል ማሰሮውን በመዳፉ ሸፍኖ እስከ ኩሬው ሄደ፤ ዳር ላይ አንድ ነጭ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ ውሃውን ያያል። አንድ ሰዓት ሙሉ ከወፉ ጋር ተፋጠጠና ማሰሮውን እንደያዘ ተመለሰ። ዓሦቹን በጨርቁ አስበላቸው፣ አሁን ደግሞ ይህን በረኃብ ሊገድል ነው። የቱንም ቢያደርግ እጁ አለበት። ጧት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው ያን ማሰሮ ስለሆነ መንጋቱን ጠላው።

የካንቻን የቀኝ ዓይን ደግሞ ከሰሞኑ ይብስ ያነባል። ቀልቶ ያብጣል፣ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ማኔክላል በለስላሳ ጨርቅ ይጠርግላታል። «ለዓሦቿ እያለቀሰች ነው፣ ምስኪን» ትላለች ጃሱድቤን። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ካንቻን ከወደቀች ወዲህ በቀን ሦስቴ አራቴ ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። ይህንንም የፈታችው ጃሱድቤን ናት። «ወደ ላይ ነው የምታሳየው ማኔክባይ! ልቧ በሰማይ ወዳሉት ነፃ የወጡ ነፍሳት ሄዷል። የታደለች!» ስለዚህ ካንቻን ጣቷን ባነሣች ቁጥር ማኔክላል እጁን ታጥቦ ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጥና ጸሎት ያነብላታል። እሷ ደህናውን ዓይኗን ትጨፍናለች። እሱ ተመስጣ ይመስለው ነበር።

ጃይኖች በየዓመቱ እየጾሙ ይቅርታ የሚጠያየቁባቸው ስምንት ቀናት ገቡ። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሰሮው ውስጥ ያለው ነገር ተንቀሳቀሰ። በመስታወቱ ላይ ሊወጣ ይሞክራል፣ ያንሸራትተዋል፣ ይወድቃል። ደግሞ ይነሣል። ራሱን ከውሃው በላይ ያወጣና ተመልሶ ይሰምጣል። ማኔክላል ሊሞት ሲያጣጥር ነው ብሎ ፊቱን አዞረ።

ካንቻን ብረቱን መታች። ጣቷ ወደ ጥጉ፣ ወደ መጥረጊያው አመለከተ።

ቤቱ ቆሽሿል ማለቷ ነው ብሎ ጠረገ። ብረቱን መታች። ጉንዳን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ከአልጋው ሥር ጠረገ። አሁንም መታች። መጥረጊያውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ጋዜጣው ዥዋዥዌው ላይ ነው፣ ሩቅ ነው። የሚያነሣው ሌላ ነገር ስላልነበረው ጣቷን አየ። ድሮ በሱቅ የሜትሩን ዘንግ ጫፍ ያይ እንደነበረው፣ ከጫፏ ተነሥቶ ቀጥ አድርጎ። መጥረጊያው። ማሰሮው። መጥረጊያው። ማሰሮው። አትቸኩልም፣ አትመታም፤ ዝም ብላ ታመላልሰዋለች።

ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር መዘዘና ማሰሮው ውስጥ አቆመው። ያ ነገር ስንጥሩን አቀፈ። የካንቻን እጅ ደረቷ ላይ አረፈ።

ልጅ ሆና በአባቷ ቀዬ፣ በውሃ ጉድጓዱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ከሸምበቆ ላይ ክንፍ አውጥተው የሚበሩ ነገሮች ታይ እንደነበር አንድ ጊዜ ነግራዋለች። አንድ ጊዜ ብቻም አይመስለውም። ያኔ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ በይቅርታው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ገባ። ስንጥሩ ላይ ጀርባው የተሰነጠቀ ባዶ ቆዳ ተጣብቋል። ከሱ በላይ ደግሞ በክረምት በኩሬ ላይ የምታንዣብበው ዓይነት የውሃ ተርብ፣ አራት ክንፏን ዘርግታ ታደርቃለች። ካንቻን ነቅታ እያየቻት ነው። ተርቧ ክንፏን አራገበች፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከበላይዋ ማራገቢያው እየጮኸ ይዞራል።

ማኔክላል ልቡ ዘለለ። ብትነሣ ቀጥታ ወደሱ ናት። የልጁ አደራ ትዝ አለው፣ ሙቀቱ ትዝ አለው፣ ለጥቂት ጊዜ ቢሆን ምን አለበት አለ። ሮጦ ማብሪያውን ተጫነው።

ማራገቢያው ቀስ አለ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ከጥር ወዲህ ያልነበረ ጸጥታ ወረደ። ተርቧ ከስንጥሩ ተነሣች፣ በክፍሉ አንዴ ዞረችና በመስኮቱ ወጣች።

«አየሻት?» ብሎ በደስታ ዘወር አለ።

ካንቻን መስኮቱን አላየችም። ራሷን ትራሱ ላይ ጥላ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች፤ ብዙ መንገድ ሸክም ተሸክሞ የመጣ ሰው ሲያወርድ እንደሚያደርገው። ግንባሯ ተፈትቷል። የማይገጥመው የቀኝ ዓይኗ ቆብ በራሱ ጊዜ ጥቂት ወደ ታች ወርዷል። ግራ እጇን አነሣች፣ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ማኔክላል ከልማድ እጁን ሊታጠብ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቆመ፤ ጣቷን ተከትሎ አየ። ከአልጋው በላይ ሰማይ አልነበረም። ሦስት የብረት ክንፍ ነበር።

ስምንት ወር። ስምንት ወር ያ ነፋስ በማይከደን ዓይን ላይ ሲነፍስ፣ እሱ እንባ ነው ብሎ ሲጠርግ፣ እሷ አጥፋልኝ ስትል እሱ ጸሎት ሲያነብላት። ለአንዲት ተርብ በአንድ አፍታ አጠፋው። ለእሷ አንድም ቀን። ያቺ ጣት በጨርቁ ቀንም እንዲሁ ተነሥታ ነበር፤ ጨርቁ፣ ገንዳው፣ መስኮቱ። ወደ ኩሬው መልሰው ነው ያለችው። እሱ ግን ውሃ ሊያጠጣት ሞከረ፤ ስድስት ዓሣ ተበላ። ሌላስ? በስምንት ወር ውስጥ ሌላ ስንት ነገር አሳይታ ይሆን?

በዚያ ቀን ታናሽም ታላቅም እጁን አጣምሮ የሚለው ቃል አለ፤ አውቄም ሳላውቅም፣ በሐሳብም በቃልም በሥራም ለበደልኩህ ይቅር በለኝ። ማኔክላል በየዓመቱ ለጎረቤቱ፣ ለገበያተኛው፣ ለዘመዱ ሲያነበንበው ኖሯል። አሁን ከአልጋዋ አጠገብ ተንበረከከና «አውቄም...» አለ። «ሳላውቅም» ላይ ሲደርስ ግንባሩን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ደፋ።

ካንቻን ግራ እጇን ጭንቅላቱ ላይ አኖረች። ቆየችና አነሣችው። ብረቱን ሁለት ጊዜ መታች፣ ቀስ ብላ፣ ከማድ ቤት ትጣራ እንደነበረው።

«ሰማሁ» አላት ማኔክላል። ጣቷ ወዴት እንደምትሄድ እያየ ቀና አለ።